የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ማሽን አሠራርና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

አንድ ሕመምተኛ ተኝቶ ለመታከም ወደ ሆስፒታል ሲገባ፣ ከሐኪሙ እጅም ሆነ ከመርፌው አስቀድሞ ገላውን የሚነካው አንሶላው ነው። በዚያው አንሶላ ላይ ከጥቂት ቀናት በፊት ሌላ ሕመምተኛ ቁስሉ እየመገለ፣ እያስመለሰው ወይም እየደማ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁለት ሕሙማን መካከል ያለው መከላከያ በአብዛኛው በግቢው ጓሮ በሚገኝ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከረው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።

የአውቶክሌቭ አሠራር በጤና ትምህርት ቤቶች በሚገባ ይሰጣል። የማጠቢያ ማሽን ግን የጽዳት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ በሕሙማን የቆሸሸ ጨርቅ በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከአንድ ሚሊዮን እስከ አንድ መቶ ሚሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። በትክክል በተያዘና በታጠበ ጨርቅ አማካይነት በሽታ የመተላለፉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው «በትክክል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ነጭ ሆኖ የወጣ አንሶላ ሁሉ ከተሕዋስያን የጸዳ አይደለም፤ ዓይንም ይህን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማሽኑ ቆሻሻንና ተሕዋስያንን በምን መንገድ እንደሚያስወግድ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊሳሳት እንደሚችልና የጤና ባለሙያው ድርሻ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

የማሽኑ ዋና ዋና ክፍሎች

ለሆስፒታል፣ ለሆቴልና ለመሳሰሉት ተቋማት የሚሠራው ማሽን ከቤት ማሽን የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። የቤት ማሽን በአንድ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ግራም ልብስ ያጥባል፤ የተቋም ማሽን ግን ከ10 ኪሎ ግራም እስከ 100 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ የሚይዝ፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው።

ማሽኑ ሁለት በርሜሎች አሉት። የውጨኛው ውኃውን የሚይዝ ሲሆን አይንቀሳቀስም። የውስጠኛው ድራም የሚባለው ነው፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሆኖ ዙሪያውን በሙሉ የተበሳሳ ነው። በውስጡም ጨርቁን ይዘው ወደ ላይ የሚያነሡ ጎበጥ ያሉ ማንሻዎች አሉት። ድራሙን የሚያሽከረክረው ሞተር ፍጥነቱን እንደ ሥራው ይለዋውጣል፤ ጨርቁ እንዳይተበተብም በየጥቂት ሰከንዱ ቆም እያለ የመሽከርከሪያ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ከእነዚህ በተጨማሪ የቀዝቃዛና የሙቅ ውኃ መግቢያ ቫልቮች፣ ከታች በኩል ሰፊ የፍሳሽ ቫልቭ፣ የውኃውን ከፍታና ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች፣ ሳሙናና ኬሚካል በመጠን የሚጨምሩ ፓምፖችና ሁሉንም በቅደም ተከተል የሚመራ መቆጣጠሪያ አሉት። ውኃው የሚሞቀው ከቦይለር በሚመጣ እንፋሎት ወይም በማሽኑ ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው።

ለሆስፒታል ተብለው የሚሠሩ አንዳንድ ማሽኖች ሁለት በር አላቸው። የቆሸሸው ጨርቅ በአንዱ በር ይገባል፤ የታጠበው በግድግዳ በተለየ ሌላ ክፍል በኩል ይወጣል። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። እንዲህ ያለ ማሽን በሌለበት ተቋም ይህንኑ ሥርዓት ሠራተኞቹ በራሳቸው አሠራር መተካት ይኖርባቸዋል፤ ይህም ማለት የቆሸሸውና የንጹሑ ጨርቅ ጋሪ፣ መተላለፊያና መደርደሪያ የተለያየ ሊሆን ይገባል።

አራቱ የእጥበት ኃይላት

ሄርበርት ሲነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1959 እ.ኤ.አ. ማንኛውም እጥበት በአራት ነገሮች ላይ እንደሚመሠረት በክብ ሥዕል አሳይቷል። እነርሱም የእንቅስቃሴ ኃይል፣ ሙቀት፣ ጊዜና ኬሚካል ናቸው። አራቱ አንድን ክብ ተካፍለው ስለሚሞሉ የአንዱ ድርሻ ሲቀንስ የሌላው መጨመር አለበት። ውኃው ካልሞቀ ኬሚካሉ ወይም ጊዜው መጨመር አለበት፤ ጊዜው ካጠረ ሙቀቱ ከፍ ማለት አለበት። ሁለቱም ጎድለው ምንም ካልተተካ ክቡ አይሞላም፤ ጨርቁም አልታጠበም ማለት ነው።

ሀ. እንቅስቃሴ

ማሽኑ ጨርቁን የሚያጥበው በማሸት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ አንሥቶ በመጣልም ጭምር ነው። ወገቡ 1 ሜትር የሆነ ድራም በደቂቃ 40 ጊዜ ሲዞር ጨርቁን ወደ ዳር የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት 0.9 ያህል ይሆናል። ስበቱ ስለሚያሸንፍ ጨርቁ ወደ ላይኛው ክፍል ከተጠጋ በኋላ ተለቆ ወደ ውኃው ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ውኃው በጨርቁ ክሮች መካከል እየተገፋ ያልፋል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ42 ዙር ጥቂት ቢያልፍ ግን ጨርቁ ከድራሙ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ መውደቁም ይቆማል።

ማሽንን ከመጠን በላይ መሙላት ጉዳት የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። በተለመደው ስሌት ለ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ጨርቅ 10 ሊትር የድራም ስፋት ያስፈልጋል። 500 ሊትር የሚይዝ ድራም 50 ኪሎ ግራም ያጥባል ማለት ነው። በዚሁ ድራም ውስጥ 70 ኪሎ ግራም ቢታጨቅ ጨርቁ የሚወድቅበት ባዶ ቦታ አያገኝም። እንደ አንድ ጥቅል አብሮ ይዞራል፤ የጥቅሉ መካከልም ሳሙናውም ሆነ ሙቀቱ በሚገባ ሳይደርሰው ይወጣል።

ለ. ሙቀትና ጊዜ

ሙቀትና ጊዜ ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም። የእንግሊዝ የጤና መምሪያ ለሆስፒታል ጨርቅ ያወጣው መመሪያ ውኃው 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ፣ ወይም 71 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ያዝዛል። በዚህም ላይ ሙቀቱ በጨርቁ ሁሉ እንዲዳረስ ማሽኑ በጥቂቱ ሲሞላ 4 ደቂቃ፣ በብዛት ሲሞላ 8 ደቂቃ ይጨመራል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በበኩሉ 71 ዲግሪ ላይ ለ25 ደቂቃ የሚለውን መለኪያ ይጠቅሳል። ውኃው ከዚህ ባነሰ ሙቀት ከታጠበበት በክሎሪን ወይም በሌላ ተስማሚ ማንጫ መካካስ እንዳለበትም ያስረዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሰዓቱ የሚቆጠረው ውኃው የታዘዘው ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። ለ50 ኪሎ ግራም ጨርቅ 250 ሊትር ውኃ ቢገባና የመነሻ ሙቀቱ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ ውኃውን ብቻ ወደ 71 ዲግሪ ለማድረስ 15.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። የ18 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ይህን ለመፈጸም 51 ደቂቃ ይፈጅበታል። ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ሙቀቱ እስኪደርስ ድረስ ሰዓቱን ያቆማል። በጊዜ ብቻ የሚመራ አሮጌ ማሽን ግን ውኃው ለብ እንዳለ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊሻገር ይችላል። ማሞቂያው ኖራ ሲይዝ ወይም የእንፋሎቱ ግፊት ሲቀንስ ሁኔታው የባሰ ይሆናል። መብራት በመካከሉ ሲጠፋም ውኃው ስለሚቀዘቅዝ የማሞቂያው ደረጃ ከመጀመሪያው ሊደገም ይገባል እንጂ ካቆመበት አይቀጠልም።

በአገራችን ደጋማ ከተሞች ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሆኖም ለእጥበት የሚፈለገው 71 ዲግሪ ከዚህ በታች ስለሆነ በደጋው አካባቢ ለማነስ ከፍታው ምክንያት አይሆንም።

ሐ. ኬሚካል

የማጠቢያ ሳሙና ስብን ከክሩ ያላቅቃል፤ በውኃ ውስጥም አንሳፍፎ ይይዘዋል። አልካሊው ደግሞ ክሩን ያሳብጣል፤ ስቡንም ወደ ሳሙናነት ይለውጣል። ኖራ የበዛበት ውኃ፣ ለምሳሌ እንደ ድሬዳዋ ባሉ አካባቢዎች የሚገኘው፣ የሳሙናውን ኃይል ይቀንሳል፤ ጨርቁንም ያሻክራል። በመሆኑም የውኃ ማለስለሻ መሣሪያ ወይም የሳሙና ጭማሪ ያስፈልጋል።

በረኪና ባክቴሪያንና ቫይረስን የሚገድለው በውስጡ ባለው ክሎሪን ነው። ለጨርቅ የሚበቃው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ግራም ክሎሪን ነው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና በአንድ ሊትር 50 ግራም ክሎሪን ስለሚይዝ፣ በ250 ሊትር ውኃ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም በሊትር ለማግኘት ግማሽ ሊትር በረኪና ይበቃል። ለፀሐይና ለሙቀት ተጋልጦ የቆየ በረኪና ግን ኃይሉን ያጣል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ከዚያ በኋላ አያስተማምንም።

ክሎሪን ከደምና ከመግል ጋር ሲገናኝ ተሕዋስያኑን ከመግደሉ በፊት ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የሚጨመረው ቆሻሻው በዋናው እጥበት ከወጣ በኋላ ነው። በክሎርሄክሲዲን የተነካ ጨርቅ በበረኪና ሲታጠብ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ ተለይቶ ሊላክ ይገባል። በረኪናና አሲድ በአንድነት ከተቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጠርና ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ሁለቱን በአንድ ዕቃ መቅዳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የአንድ ዙር እጥበት ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ደረጃ በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ ነው። ውኃው ከ40 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ የሞቀ ውኃ እንቁላል በመጥበሻ ላይ እንደሚረጋ ሁሉ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ያረጋዋል፤ እድፉም ከክሩ ጋር ይጣበቃል። በሥራ ጥድፊያ ይህ ደረጃ ሲዘለል ከማዋለጃና ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጡ ጨርቆች ቡናማ እድፍ ይዘው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ዋናው እጥበት ነው። በዚህ ጊዜ በማሽኑ ውስጥ ያለው ውኃ ዝቅ ያለ ነው። ጨርቁ ከከፍታ እንዲወድቅና ሳሙናው እንዳይቀጥን የሚረዳው ይኸው ነው። ሙቀቱ ወደታዘዘው ልክ የሚደርሰውም በዚህ ደረጃ ነው። በረኪና የሚጨመር ከሆነ ቀጥሎ በሚመጣውና ሙቀቱ ዝቅ ባለው ዙር ይጨመራል፤ በከፍተኛ ሙቀት ክሩን ይበላልና።

ሦስተኛው ማለቅለቅ ሲሆን አሁን ውኃው ከፍ ይላል። የማለቅለቅ ጥቅም በላቦራቶሪ ከሚታወቀው ተከታታይ የማቅጠን ሥራ ጋር አንድ ነው። ውኃው ከፈሰሰ በኋላ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጨርቅ ውስጥ 2.5 ሊትር ቆሻሻ ውኃ ቀረ እንበል። ንጹሕ ውኃ ታክሎ ጠቅላላው 5 ሊትር ቢሆን ቆሻሻው በግማሽ ይቀንሳል፤ ሦስት ጊዜ ቢደገም ከመነሻው አንድ ስምንተኛ ይቀራል። ነገር ግን በየማለቅለቁ መካከል ጨርቁ ተጨምቆ የቀረው ውኃ ወደ 1 ሊትር ቢወርድ፣ እያንዳንዱ ዙር ቆሻሻውን ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል፤ ከሦስት ዙር በኋላም የሚቀረው አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ብቻ ነው። ውጤቱ ከ15 እጥፍ በላይ ተሻሻለ ማለት ነው። ሙቀትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች በ71 ዲግሪ አይሞቱም፤ ከጨርቁ የሚወጡት በዋናነት በዚህ መንገድ ታጥበው ነው። ውኃ ለመቆጠብ ሲባል አንድ ማለቅለቅ መቀነስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

በመጨረሻው ማለቅለቅ መጠነኛ አሲድ ይጨመራል። አሲዱ በጨርቁ ውስጥ የቀረውን አልካሊ ያከስማል፤ የሕሙማን ቆዳም እንዳይቆጣ ይረዳል። ፒኤች ከ12 ገደማ ወደ 5 በድንገት መውረዱ ለአንዳንድ ተሕዋስያን ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

አራተኛው መጭመቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 1 ሜትር ወገብ ያለው ድራም በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በጨርቁ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከስበት ከ300 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ከሚለይበት ሴንትሪፉጅ ጋር በመርሕ አንድ ነው። እንደ ሴንትሪፉጁ ሁሉ ሚዛን ይፈልጋል፤ ጨርቁ በአንድ ወገን ከተከማቸ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውና ሞላው ይጎዳሉ። መቆጣጠሪያው ይህን ሲረዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጨርቁም ውኃ እንዳዘለ ይወጣል።

ከማሽኑ ከወጣ በኋላ

እርጥብ ጨርቅ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። በማሽን ማድረቅና በካውያ መተኮስ ተጨማሪ የመግደል ኃይል አላቸው። ከሰሐራ በታች ባሉ ሞቃታማ የአፍሪካ አካባቢዎች ውጭ በተሰጣ ጨርቅ ላይ እንቁላሏን የምትጥልና እጯ በሰው ቆዳ ውስጥ የሚያድግ ዝንብ አለች፤ ይህን የሚከላከለውም መተኮስ ነው።

የዚህ ደረጃ ጉድለት የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ከ2008 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. አምስት ጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ሙኮርማይኮሲስ በተባለ የፈንገስ በሽታ ሞተዋል፤ ምርመራው በሽታውን ከሆስፒታሉ ጨርቆች ጋር አያይዞታል። በጃፓን በ2006 እ.ኤ.አ. በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ስፖር አፍሪ ባክቴሪያ በሕሙማን ደም ውስጥ ሲገኝ፣ የሆስፒታሉ ጨርቆችና ማጠቢያ ማሽኑ ራሱ በዚሁ ባክቴሪያ በከፍተኛ ደረጃ ተበክለው ተገኝተዋል። በሆንግ ኮንግም በ2015 እ.ኤ.አ. የተከሰተ የፈንገስ ወረርሽኝ መነሻው ደረጃውን ባልጠበቀ ላውንደሪ የታጠበ ጨርቅ እንደነበር ተረጋግጧል። በሦስቱም አጋጣሚዎች በጽኑ የታመሙ ወይም የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሕሙማን ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ስለዚህ ማሽኑም መታጠብ አለበት። የበሩ ጎማ፣ የሳሙና ማስገቢያውና የፍሳሽ ማጣሪያው እርጥበትና ብናኝ ስለሚይዙ በየጊዜው ሊጸዱ ይገባል። ማታ ሥራ ሲያበቃ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲናፈስ መተው ያስፈልጋል። ለቀዶ ሕክምና የሚውሉ ጋውኖችና መሸፈኛዎች ደግሞ እጥበት ተሕዋስያንን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም ስለማያጠፋ ከዚህ በኋላ ወደ አውቶክሌቭ መግባታቸው የግድ ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

እጥበት የሚጀምረው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። አንሶላውን የሚያነሣው ባለሙያ በቅድሚያ መርፌ፣ ምላጭ፣ መቀስና ፒን አለመቅረቱን ማረጋገጥ አለበት። በአንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ የሄደ መርፌ የሚወጋው ላውንደሪ ውስጥ የምትሠራውን እናት ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ኤችአይቪ ሊያስይዛት ይችላል። ድራሙንም ይጎዳል። ለእነዚህ ሠራተኞች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ ወፍራም ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ሽርጥና ቦት ጫማ ሊሟላላቸው ይገባል።

የቆሸሸ ጨርቅ አይራገፍም፤ በክፍሉ ውስጥም አይለይም፤ አይዘፈዘፍም። እርጥቡ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እዚያው አልጋው አጠገብ በማያንጠባጥብ ከረጢት ይገባና ይታሰራል። ጠንካራ ዓይነ ምድር ካለ ጓንት በለበሰ እጅ ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ይጣላል፤ ማሽኑ ይህን ያወጣል ብሎ መላክ ተገቢ አይደለም።

የሕመምተኛው የራሱ ልብስም ሊታሰብበት ይገባል። ግርሻና ተስቦ በሰውነት ቅማል አማካይነት የሚተላለፉ በመሆናቸው ሕመምተኛውን በመድኃኒት ብቻ አክሞ ያንኑ ልብስ መልሶ ማልበስ በሽታውን ወደ ቤተሰቡ መላክ ነው። ቅማልና ቅጫም ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በ5 ደቂቃ ውስጥ ይሞታሉ። ይህ ለሆስፒታል ማሽን ቀላል ሥራ ነው፤ ማሽን በሌለበትም ጨርቁን አፍልቶ ማጠብና መተኮስ ይተካዋል።

በመጨረሻም የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊነት ያለበት ባለሙያ ወደ ላውንደሪው ገብቶ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባል። ጨርቁ ከመግባቱ በፊት ይመዘናል? ውኃው ስንት ዲግሪ ደረሰ? በዚያስ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ? ስንት ጊዜ ተለቀለቀ? በረኪናው መቼ ተገዛ? ከታጠበ በኋላ ደርቋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በየዕለቱ በመዝገብ ቢጻፍ፣ የአውቶክሌቭ መዝገብ የሚሰጠውን ያህል ጥቅም ይሰጣል።

ማጠቃለያ

የሆስፒታል ማጠቢያ ማሽን በእንቅስቃሴ፣ በሙቀት፣ በጊዜና በኬሚካል አንድነት የሚሠራ የኢንፌክሽን መከላከያ መሣሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ውኃ ሲያጥር ወይም አንሶላ ሲያንስ ከአራቱ አንዱ ይጎድላል። ይህ በሥራ ላይ የሚያጋጥም ነው። ጉዳት የሚሆነው ጉድለቱ ሳይታወቅና ሳይካካስ ጨርቁ ወደ አልጋው ሲመለስ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ የጎደለውን እንዲያውቅና እንዲናገር፣ የጤና ባለሙያውም እንዲያዳምጠውና አብሮ እንዲያስተካክል ሁለቱ አንድ ሥራ እንደሚሠሩ መረዳት አለባቸው።